እጅ የሌላት ሴት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያየኝ ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። እዚህ ጅቡቲ ቡላኦስ ገበያ ቲማቲም ስመርጥ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣብቄ ስቀመጥ። «አስቴር፣ ዕድሜሽን ሙሉ በአንዲት አሜሪካዊት ገጣሚ ላይ ስትጽፊ ኖርሽ፤ ምን ጠቀመችሽ?» ይሉኛል። አንዳንዱ ከልቡ ነው፤ አንዳንዱ ሊያሾፍብኝ ነው። ለሚያሾፈው «ቤት አላስሸጠችኝም፣ ጥርሴን አላረገፈችውም፤ ካንተ ጫት ትሻላለች» ብዬ አልፈዋለሁ። ከልቡ ለሚጠይቀው ግን መልስ አለኝ። መልሱ በሚኒባስ መንገድ ስለማያልቅ እዚህ ጽፌዋለሁ።

የባቡር ቤተሰብ ልጅ ነኝ። አያቴ ከሐዲዱ ጋር ወደ ጅቡቲ ወርዶ እዚሁ ቀረ። አባዬን በልጅነቱ መጽሐፍ እንዲማር አገር ቤት ልኮት ነበር፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተመልሶ የባቡሩ ጋራዥ ገባ። እጁ ብረት ቢቀጠቅጥም አንደበቱ ከትርጓሜ ቤት አልወጣም። ትርጓሜ ቤት ውስጥ መምህሩ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ይሰጥና «አንድም» ብሎ ሌላ ይጨምርበታል፤ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ። አባዬ ይህን ዘዴ ከመጽሐፍ አልፎ ለኑሮም ይጠቀምበት ነበር። «ባቡሩ የዘገየው አንድም ድንጋይ ወድቆበት ነው፤ አንድም ግመል ገብቶበት ነው፤ አንድም ነጂው ድሬዳዋ ላይ ወጥ ጣፍጦት ነው» ይላል። እማዬ ከጓሮ ሆና «አንድም አንተ ወሬ ስታበዛ ነው» ትለዋለች።

እማዬ ሀራሙስ ሰፈር ባሉ የውጭ አገር ሰዎች ቤቶች አንሶላ አጣቢ ነበረች። እሷን በኋላ አመጣታለሁ።

አባዬ ካስተማረኝ ሁሉ አንድ ነገር ውስጤ ሰርጎ ቀረ። በአንድምታ ትምህርት «መጽሐፉ እዚህ ጋ ተሳስቷል» የሚባል ነገር የለም። ቃሉ የሚከብድ ከመሰለ ጥፋቱ የአንባቢው ነው፤ ሌላ «አንድም» ይፈለግለታል። ለቅዱስ መጽሐፍ ይህ ልክ ነው፤ ዛሬም አምንበታለሁ። እኔ ግን በዚህ ዓይን ያነበብኩት ሲጋራ የምታጨስና ከወንድሞቿ ጋር የተኳረፈች አሜሪካዊት ሴት ነው።

ከእሷ ጋር ያስተዋወቁኝ በሊሴ፣ በፈረንሳይኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ያስተማሩኝ ማዳም ኩልሱም ናቸው። ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ሶማሌ ናቸው፤ ፈረንሳይኛቸው የፓሪስ፣ አማርኛቸው የድሬ ነው። ጫት ከተማ ገብቶ ሰዉ ሁሉ በሚጋደምበት ሰዓት እሳቸው ሥራ ይጀምራሉ። መስኮቱን ዘግተው፣ ማራገቢያውን ከራሳቸው በላይ ለቀው፣ አንድ ፍሬ ሄል ጉንጫቸው ውስጥ ይወትፉና ከነጠላ ጨርቅ ውስጥ መጽሐፍ ይፈታሉ። ጨርቁ ለወጉ አልነበረም። የእኛ ወበቅ ገጽን ከገጽ ያጣብቃል፤ ነፋሱ ደግሞ በየመሃሉ አሸዋ ይከታል።

ክፍል ውስጥ «ውብ ነው» ማለት ክልክል ነበር። ቃሉ ያመለጠው ተማሪ ተነስቶ መስኮት ይከፍታል። ግንቦት ላይ መስኮት መክፈት ምን ማለት እንደሆነ የጅቡቲ ሰው ያውቀዋል፤ ሁላችንም እየተጠበስን ያንን ልጅ በዓይናችን እንበላዋለን። «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ማለትም ቶሎ አይፈቀድም። ግጥሙ ሁለት ጊዜ ከተነበበ በኋላ ማዳም ጣታቸውን ቀጥ አድርገው ያነሱና ሁልጊዜ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃሉ። «ግጥሙ ውስጥ ያለችው ሰው ምን ትሠራለች?» ምን ተሰማት አይሉም፤ የምን ምልክት ናት አይሉም። መጀመሪያ የምትሠራውን ነገር አንድ በአንድ መናገር አለብን።

ያችው አሜሪካዊት ገጣሚ፣ ሎርና ቬይል፣ ለዚህ ጥያቄ የተፈጠረች ነበረች። ወጣት ሳለች ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ሠርታለች፤ እህቷን እስከ ሞቷ አስታማለች። ግጥሞቿ አጫጭር ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ውስጥ እጅ አለ። አንዷ ሴት ከዓሣ ሥጋ እሾህ ትለቅማለች፤ ሌላዋ የታመመች እህቷን ፀጉር ትጎነጉናለች፤ ሌላዋ ሁለት እጇ ልብስ ስለያዘ በር በእግሯ ትዘጋለች። ሐዘን የሚል ቃል አትጽፍም። ስንኙን ልክ እጅ ሥራውን ሳይጨርስ ትቆርጠዋለች፤ አንባቢው ትንፋሹን ይዞ ወደሚቀጥለው መስመር ይወርዳል። ያ ያልተጨረሰ ሥራ ነው ሆድ የሚያባባው። መጀመሪያ ያነበብኳት ቀን ሰፈሬ ካርቲዬ ዶ እስክደርስ በፀሐይ በእግሬ ሄድኩ፤ ሚኒባስ መያዝ ረስቼ ነበር። ወደድኳት፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሊሴ ውስጥ ጥቂት ዓመት አስተምሬ ለዶክትሬት ወደ ፈረንሳይ ተላክሁ። የጻፍኩት ስለ እሷ ነው። ጽሑፉን ከመከላከሌ በፊት የሚገመግሙት ሁለት አንባቢዎች ነበሩ፤ ሁለቱም አይበቃም ብለው መለሱት። አንደኛው ሽማግሌ ፕሮፌሰር ቢሮው ጠራኝና ወንበር ሰጠኝ።

«ደክመሻል፤ ሁሉንም አንብበሻል» አለኝ። «ነገር ግን በዚህ ሁሉ ገጽ ውስጥ ገጣሚዋ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሳሳተችም። የደከመ ስንኝ ባገኘሽ ቁጥር ሁለት ሦስት ፍቺ ደርድረሽ ታድኛታለሽ። ይህ ጥናት አይደለም፤ ጸሎት ነው።»

«ታዲያ የቱ ጋ ነው የተሳሳተችው?» አልኩት።

«እኔም ይህንኑ ከአንቺ ነበር የጠበቅኩት» አለኝ።

የትምህርት ገንዘቡ አልቆ ስለነበር አስተካክዬ የማቀርብበት ጊዜ አልተሰጠኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ። ማዕረጉ ቀረ፤ እስከ ዛሬ ዶክተር አስቴር የሚለኝ ሂሳብ ሊጨምርብኝ የሚፈልግ ባለታክሲ ብቻ ነው። አሁን እስቅበታለሁ እንጂ ያኔ አፍሬ ቤት ተደብቄ ከረምኩ። አባዬ ነገሩን ስነግረው ግራ ገባው። «ስህተት አላገኘሽባትም ብለው ነው የጣሉሽ?» አለኝ። እሱ በተማረበት ቤት እኮ ይህ የሚያስመሰግን ነበር።

ማዳም ኩልሱም ግን አላጽናኑኝም። ወረቀቱን ይዤ ቤታቸው ሄጄ ሳለቅስ «አቦ ተይ፣ ገጹ ይጣበቃል» አሉኝ። ከዚያ ጽሑፉን በሙሉ አንብበው በሳምንቱ ጠሩኝ።

«ሎርናን መንገድ ላይ ብታገኚያት፣ አቁመሽ ‹እህቴ፣ እዚህ ጋ ዋሽተሻል› የምትያት የቱ ጋ ነው?»

«የትም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ገና አላነበብሻትም።»

ያን ቀን በጣም ተቀየምኳቸው። ግን በልቤ ያችን ስንኝ ሳላገኝ አልሞትም አልኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የሥራ ዘመኔን ባጭሩ ልለፈው። ሊሴ እያስተማርኩ ማታ ማታ ወደቡ ላይ ላሉ የኮንቴነር ሠራተኞች እንግሊዝኛ አስተማርኩ። የከባድ መኪና ወረፋ ሰንጥቄ በአቧራ ታጥቤ እደርሳለሁ። አንድ ቀን የዓሣውን ግጥም አነበብኩላቸው። ሁሉም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዳመጡኝ፤ ደስ አለኝ። በመጨረሻ አንዱ እጁን አወጣና «ማዳም፣ ዓሣው በስንት ተሸጠ?» አለኝ። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ወደዚያ ተዛወርኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሙሴ ሮብሌ ይባላሉ፤ ደግ ሰው ናቸው፤ የጡረታ ወረቀቴን ራሳቸው ከቢሮ ቢሮ ይዘው ዞረዋል። በየዓመቱ የትምህርት ድልድል ሲያወጡ ግን «እንግሊዝኛ ለወደቡ ነው፤ ግጥም ለማን ነው?» ይሉኛል። እኔም በየዓመቱ «ለወደቡ ሰዎች» እላቸዋለሁ። በየዓመቱም ያችን አንዲት ኮርስ አስጠብቄ እወጣለሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? እኔ ሁለቱም ነኝ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ሎርና ቬይል በስተርጅናዋ በመርከብ ስትጓዝ ከተማችን ጥቂት ቀን አርፋ ነበር። ካረፈችበት ቤት በረንዳ ላይ ሆና ማዶ ጣሪያ ላይ አንሶላ ስታሰጣ ያየቻትን ሴት ግጥም ጻፈችባት። ሊቃውንቱ ይህን የወደብ ግጥም ከሥራዎቿ ሁሉ ርኅራኄ የሞላበት ይሉታል። ሴትዮዋ ጣሪያው ላይ ቆማለች፤ አንሶላው እንደ ሸራ ተነፍቶ ይነሳል፤ ከኋላዋ ባሕሩ ያበራል፤ ዝምታዋም ከባሕሩ ይልቅ የቆየ ነው ይባላል። እኔም ለዓመታት ለተማሪዎቼ ስፈታው ኖሬያለሁ። ዝምታው አንድም ክብሯ ነው፤ አንድም የገጣሚዋ የራሷ ዝምታ ነው፤ አንድም የከተማዋ ነው። ከፈረንሳይ ያ ሁሉ ውርደት ደርሶብኝ እንኳ የአባዬ ልጅነቴ አልለቀቀኝም።

የማዳም ኩልሱም ዓይን እየደከመ ሲመጣ መጻሕፍቱን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ጡረታዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በየቀትሩ እየሄድኩ ሎርናን ከመጀመሪያው መጽሐፍ ጀምሬ አነበብኩላቸው። ልማዳቸው አልተለወጠም፤ ሄሉ ጉንጫቸው ውስጥ አለ፣ ጣታቸው ይነሳል።

«ምን ትሠራለች?»

«እሾህ ትለቅማለች።»

«ቀጥይ። እዚህስ?»

«ትጎነጉናለች። ክሩን በጥርሷ ትበጥሳለች።»

እንዲህ እያልን መጨረሻው መጽሐፍ ደረስን። የወደቡን ግጥም ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ጣታቸው ተነሳ።

«ምን ትሠራለች?»

«ቆማለች» አልኩ። «አንሶላው ይነፋል፤ ነፋሱ ያነሳዋል፤ ውሃው ይንጠባጠባል . . .»

«ስለ አንሶላው አልጠየቅኩሽም።»

ወደ ገጹ ተመለስኩ፤ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ። አንሶላው ይሠራል፣ ነፋሱ ይሠራል፣ ባሕሩ እንኳ ያበራል። ሴትዮዋ ምንም አትሠራም። አንሶላውን ማን እንዳጠበው፣ ማን እንደጨመቀው፣ ማን ጣሪያ ላይ እንዳወጣው ግጥሙ አያውቅም። ለራሷ፣ ለእህቷ፣ ለፋብሪካ ባልደረቦቿ ሁሉ የሚሠራ እጅ የሰጠች ሎርና ለዚህችኛዋ እጅ አልሰጠቻትም። በዝምታና በባሕር ሸፈነቻት። ስንኞቹም አይቆረጡም፤ በተጀመረ ሥራ መሃል የሚያስቆም ነገር ስለሌለ እንዲሁ ይንሳፈፋሉ። ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ! እስከዚያ ቀን ድረስ በእሷው በራሷ ሚዛን መዝኛት አላውቅም ነበር።

«እህቴ፣ እዚህ ጋ ዋሽተሻል» አልኩ፤ ለመጽሐፉ ነው የተናገርኩት። ማዳም ኩልሱም እጃቸውን ዘርግተው ሄል ሰጡኝ።

በዚያው ሰሞን አንዲት አሜሪካዊት ፕሮፌሰር በሎርና ቬይል ሥራ ላይ የሂስ መድበል እያዘጋጀች መሆኗን ጽፋልኝ ነበር። የወደቡ ግጥም ከተጻፈበት ከተማ የሚጽፍ ሰው ፈልጋለች። ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። መግቢያው ላይ እማዬን አመጣሁ፤ ሎርና ከተማችንን ባየችበት ዘመን እማዬ ጣሪያ ላይ አንሶላ ታሰጣ እንደነበር ነገርኩ። ከዚያ ዋናውን ነገር ተነተንኩ፤ የእጆቹን ጉዳይ፣ ከመጽሐፍ መጽሐፍ፣ ከስንኝ ስንኝ።

መልሷ ትሕትና የተሞላ ነበር። ስለ እናቴ የጻፍኩት በጣም ልቧን እንደነካው፣ እሱን አስፍቼ እንድጽፍ፣ የእጆቹን ትንተና ግን ብተወው እንደሚሻል ነገረችኝ። በግጥሙ ላይ ትንተና የሚጽፉ ሌሎች አሉ አለችኝ። የእኔ ጽሑፍ መድበሉ መጨረሻ ላይ «ድምፆች ከስፍራው» በሚል ክፍል ይገባል።

ደሜ ፈላ። እነሱ ሃያሲ ናቸው፤ እኔ ድምፅ ነኝ! እነሱ ይመዝናሉ፤ እኔ አለቅሳለሁ! ሎርና ለዚያች ሴት ያደረገችውን መልሰው በእኔ ላይ ሊያደርጉት ነው፤ አቁመው ሊያዩኝ።

ሙሴ ሮብሌ ነገሩን ሰምተው ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ማዳም አስቴር፣ እግዜር ያሳይሽ፤ እዚህ ቤት ማንም አሜሪካ ያሳተመ የለም። ስለ እናትሽ ጻፊና ስምሽ ይውጣ። ምን ይጎዳሻል? ጡረታሽም ደርሷል።»

«ጡረታዬ ስለደረሰ ነው እምቢ የምለው» አልኳቸው።

ሰውየው እውነታቸውን ነበር። ይህ ዕድል ካመለጠኝ ሌላ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ፈረንሳይ ላይ የቀረብኝን ነገር፣ ሰው ፊት ቀርቤ «አንብቤያታለሁ፤ ይኸው» የምልበትን ቦታ፣ የማገኘው አንድ ጊዜ ነው። ግን በምስክርነት ከገባሁ አላገኘሁትም ማለት ነው። እማዬ እዚያ ገጽ ላይ እስካለች ደግሞ የሚያነብ ሁሉ «ምስኪን፣ ስለ እናቷ ከፍቷት ነው» ብሎ ያልፈኛል። ግጥሙ የወደቀው እማዬን ስላሳዘነ አይደለም። ሎርና ራሷ ባስተማረችን ሥራ ስለሰነፈች ነው። ሌላም ነገር አለ። እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ የፈረንጅ አንሶላ ስታጥብ ኖራለች፤ ከሞተች በኋላ ደግሞ ለፈረንጅ መጽሐፍ ማስለቀሻ አላደርጋትም።

የሷን አንቀጽ በሙሉ ሰረዝኩ። የእጆቹን ትንተና አጠነከርኩና እንዲህ ብዬ ላክሁ፦ «እናቴን አውጥቻለሁ። እጆቹ ይቆያሉ። ከሃያስያኑ ጋር ካልሆነ ጽሑፌን መልሱልኝ።»

መልስ ጠፋ። ሙቀቱ ገባ፤ መብራት እየሄደ ይመጣል፤ በዚያ ላይ የአቧራው ነፋስ ተነሳ። የመጨረሻ ትምህርቴን አስተማርኩ፤ ሸኙኝ፤ ኬክ ተቆረሰ፤ ቁልፍ አስረከብኩ። ማዳም ኩልሱም «ጻፈች?» ይሉኛል፤ «አልጻፈችም» እላለሁ። አንድ ቀን ደክሞኝ «ምናልባት አባዬን መስማት ነበረብኝ፤ ስህተት ፍለጋ ምን ያደርግልኛል?» አልኳቸው። «አባትሽ ለአምላክ ቃል ነው እንዲያ ያደረገው» አሉኝ። «ሎርና ሰው ናት። ሰውን ስትወጂ እኮ ጥፋቱን ትነግሪዋለሽ።»

በመጨረሻ ፕሮፌሰሯ ጻፈች። መጀመሪያ ተቆጥታ እንደነበር አልደበቀችም። ከዚያ ልትረታኝ ፈልጋ መጻሕፍቱን በሙሉ አውርዳ በየግጥሙ እጅ ስትፈልግ ሰነበተች። ሊረታኝ የሚችል አላገኘችም፤ ይልቁንም እኔ ያላየሁት ሌላ እጅ የሌለበት ግጥም አገኘች፤ ገጣሚዋ በሌላ አገር ስለ አንዲት ቅጠል ሻጭ የጻፈችው ነው። እሱን እንድጨምርበት ጠየቀችኝ። ጽሑፌ ከሃያስያኑ ጋር በፊደል ተራ እንደሚገባም ነገረችኝ። ሙሽራ ካልታዘልኩ አላምንም እንዳለችው፣ መጽሐፉ ታትሞ እጄ እስኪገባ አላመንኩም።

የደረሰ ዕለት በጨርቅ ጠቅልዬ ማዳም ኩልሱም ጋ ይዤው ሄድኩ። ዓይናቸው አሁን ጨርሶ አያይም። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ማራገቢያው ይዞራል። ጽሑፌን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው።

«መግቢያው ረዝሟል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሌላው ውብ ነው።» በሕይወታቸው ሙሉ የከለከሉንን ነገር ራሳቸው አሉት። ተነስቼ መስኮቱን ልክፈት ወይ ብላቸው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው ቆመና ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ያወጣሻት ሴትዮስ? እናትሽ?»

«እሷማ መጽሐፉ ውስጥ የለችም።»

«መጽሐፉን ተይው፤ አሁን የምሰማሽ እኔ ብቻ ነኝ።» ጣታቸው ተነሳ። «ምን ትሠራ ነበር?»

ነገርኳቸው። የእኛ ውሃ ጨዋማ ስለሆነ ሳሙና አይቀበልም፤ ስለዚህ እማዬ አንሶላውን ታሻለች፣ ትመታለች፣ ደግማ ታሻለች። ጫፉን ለእኔ ታስይዘኝና በተቃራኒው ትጠመዝዘዋለች። ጎንበስ ብላ ባልዲውን ታነሳለች፤ የጣሪያው ሲሚንቶ እግሯን ስለሚያቃጥላት እየዘለለች ትሄዳለች። ታሰጣለች። ነፋሱ አቧራ ይዞ ሲመጣ «የማን አሳዳጊ የበደለህ ነህ!» ብላ ትሰድበዋለች፤ ሮጣ ትሰበስባለች፤ የቆሸሸውን መልሳ ታጥባለች። ትዘፍናለች፤ ድምፅ የላትም ግን ትዘፍናለች። ሁሉን ስትጨርስ እኔ ጥላ ፍለጋ ከውሃው በርሜል ጎን ተቀምጬ ታገኘኛለች። ትመጣና በዚያ ቀዝቃዛ፣ ሳሙና በበላው እርጥብ እጇ ፊቴን ግራና ቀኝ ትይዘዋለች።